ሞተረኛና ሾፌር ሳይገጫጩ የሚተላለፉበት መንገድ

ስድስት ዓመት በሞተር ዕቃ ሳደርስ ኖሬ አሁን መኪና እነዳለሁ። ሞተር ላይ ሳለሁ «ባለመኪና ሁሉ ዓይን የለውም» ባይ ነበርኩ። መኪና በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት መገናኛ አካባቢ ስፖኪዮ አይቼ፣ ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ቀኝ መሪ ሳዞር አንድ ሞተረኛ ልጅ ከየት መጣ ሳልለው በኮፈኑ ፊት ሾልኮ አለፈ። ፓራውልቱን በክንድ ርቀት ሳተው። እግሬ ፍሬኑ ላይ ተንቀጠቀጠ። ስፖኪዮውን በደንብ አይቼዋለሁ፤ ልጁ እዚያ ውስጥ አልነበረም። እሱ ደግሞ የእኔ ፍሬቻ ሳይበራ ጎኔ ደርሶ ስለነበር እንዳየሁት እርግጠኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ጨዋነት ማለት ምን እንደሆነ ሐሳቤን ቀየርኩ። ጨዋ ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ከማድረጉ በፊት ያሳውቃል፤ መታየቱንም ሳያረጋግጥ ታይቻለሁ ብሎ አይገባም። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር ስለተከለከለ፣ ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሾፌር ብዙ ሞተር በሌለበት መንገድ ነው የለመደው። አሁን የሚያገኛቸው ሞተረኞች በአብዛኛው ለሥራ የወጡ፣ ሰዓት የሚያሯሩጣቸው ልጆች ናቸው። ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ጅማ የነዳ ሰው ጉዳዩን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ደረጃዎች ግን የትም ቢሆን ያው ናቸው።

1. መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሞክሩት

ይህን ሳትሠሩ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሚያስፈልገው አንድ መኪና፣ አንድ ሞተር፣ ሁለት ሰውና አንድ ጠመኔ ነው።

መኪናውን ሰፋ ያለ ቦታ አቁሙና የሾፌር ወንበር ላይ እንደ ወትሮው ተቀመጡ። ሌላው ሰው ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ከኋላ አሥር ሜትር ያህል ርቆ፣ በግራ በኩል ልክ በጎረቤት ረድፍ እንደሚመጣ ሞተር እየገፋ ወደ ፊት ይምጣ። እናንተ አንገታችሁን ሳታዞሩ በስፖኪዮ ብቻ እዩ። ሞተሩ በስፖኪዮ ውስጥ እስካለ ድረስ «አለ» በሉ፤ ከስፖኪዮ ሲወጣ «ጠፋ»፣ በጎን መስኮት ብቅ ሲል እንደገና «አለ»። የሚገፋው ሰው «ጠፋ» ከተባለበት እስከ «አለ» ድረስ መሬቱን በጠመኔ ያስምር። ከዚያ በቀኝ በኩል ድገሙት።

ይህን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንሠራ በግራ በኩል ያሰመርነው ጠመኔ ከኋላ በር ጀምሮ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ግን ከዚያ ይረዝማል። ወንድሜ መስመሩ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ስፖኪዮው ውስጥ የጎረቤት አጥር ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሦስተኛው ሙከራ ነው ያስደነገጠኝ። ሞተረኛው ከፊት ለፊት በግራ ሰያፍ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ይቁም። ከዚያ በዝግታ ወደ ጎን ይንቀሳቀስ። ከፊት መስታወቱ ጎን ጣሪያውን የተሸከመው ቋሚ ብረት ሰውየውን ከነሞተሩ የሚውጥበት ቦታ አለ። አንድ ጎልማሳ ሰው ከነሄልሜቱ ከእጅ መዳፍ በማይሰፋ ብረት ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ «ከሰማይ ወረደ» የምንለው ሞተረኛ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ብረት ጀርባ የወጣ ነው።

አሁን ተቀያየሩ። ሾፌሩ ሞተሩ ላይ ይቀመጥና የመኪናውን ስፖኪዮ ይመልከት። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካልታየው፣ ያም ሰው እሱን አያየውም። ለሲኖትራክና ለአይሱዙ ይህ እጥፍ ድርብ ነው፤ ካቢናው ከፍ ስለሚል በቀኝ ጎኑና በአፍንጫው ሥር ያለውን ሞተር ጭራሽ አያገኘውም።

ሙከራው ሲያልቅ ሾፌሮች የጎን ስፖኪዮዎቻችሁን ወደ ውጭ ከፈት አድርጉ፤ የራሳችሁ መኪና ጎን በጭረት ያህል ብቻ ይታይ። ብዙዎቻችን የራሳችንን የኋላ በር እያየን ነው የምንነዳው። ረድፍ ከመቀየራችሁ በፊት ትከሻችሁን አሻግራችሁ እዩ። መስቀለኛ ላይ ደግሞ ከወንበሩ ትንሽ ጎንበስ ቀና በሉ፣ ብረቱ የሸፈነው እንዲገለጥ።

2. ዓይን ስለሚሳሳት ሁለት ጊዜ እዩ

ትንሽ ነገር ሩቅና ዝግተኛ ይመስላል። አውቶቡስ ሲመጣ እያደገ መሄዱ ያስታውቃል። ሞተር ግን ጠባብ ስለሆነ እስኪቀርብ ድረስ ያው ነጥብ ነው፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ይደርሳል። «ገና ሩቅ ነበር» የሚለው ሾፌር ሁልጊዜ ዋሾ አይደለም።

በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሎስ አንጀለስ ላይ 900 የሞተር አደጋዎች ቦታው ድረስ ተኪዶ ተመርምረው የወጣ ጥናት አለ። ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው ውስጥ በሁለት ሦስተኛው የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ሌላኛው አሽከርካሪ ነበር። ሞተረኛውም ለማምለጥ ያገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

ስለዚህ ሾፌር ወደ ዋና መንገድ ሲገባ ወይም ወደ ግራ ሲታጠፍ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ይይ። አንገት እንደ ማራገቢያ ዞር ዞር ካለ ምንም አያይም፤ በየአቅጣጫው ለአፍታ ይቁም።

ሞተረኛስ? ቀንም ቢሆን አጭር መብራት አብራ። መስቀለኛ ስትደርስ ጋዝ ቀንስና ጣትህን ፍሬኑ ላይ አኑር። በረድፍህ ውስጥ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ፈቀቅ በል፤ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነገር ከሚወላወል ነገር ይልቅ ከዓይን ያመልጣል። ሊታጠፍ የቆመ መኪና ካለ ከሾፌሩ ፊት ይልቅ የፊት ጎማውን እይ። ዓይን ለዓይን የተያየኸው ሰው ላያይህ ይችላል፤ ጎማው ካልዞረ ግን መኪናው አልተነሳም።

3. ፍሬቻ

ሾፌር መሪውን ከማዞሩ በፊት ፍሬቻው ሦስት አራት ጊዜ ብልጭ ይበል። ከዞረ በኋላ የሚበራ ፍሬቻ ለማንም አይጠቅምም።

ሞተር ላይ ሁለት ነገር ባለመኪናዎች የማታውቁት አለ። አንደኛ፣ የአብዛኛው ሞተር ፍሬቻ እንደ መኪና በራሱ አይጠፋም። ልጁ ከታጠፈ በኋላ ረስቶት ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፍሬቻውን አምናችሁ አትግቡ፤ ፍጥነቱን እስኪቀንስና ሰውነቱን እስኪያጋድል ጠብቁ። ሁለተኛ፣ ሞተረኛ ጋዙን በመልቀቅና ማርሽ በመቀነስ ብቻ ብዙ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የፍሬን መብራቱ አይበራም። ከኋላው ተጠግታችሁ ቀይ መብራት የምትጠብቁ ከሆነ መብራቱ ሳይበራ ትደርሱበታላችሁ።

ሞተረኛም ከታጠፍክ በኋላ ፍሬቻውን በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ በርቶም ሆነ ሳይበራ ልማድ ይሁንህ። በማርሽ ስትቀንስ የኋላ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርግና መብራቱን አሳይ።

4. ርቀት

ከፊታችሁ ያለው ሞተር አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩ። ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ሁለት ሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በ60 ደግሞ 33 ሜትር ይሆናል። መኪና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይንገጫገጫል። ሞተር ግን ሊወድቅ ይችላል፤ የወደቀው ሰው ደግሞ የእናንተ ጎማ ፊት ነው ያለው። ሞተረኛ በድንገት ወደ ጎን ሲል «ሰከረ እንዴ?» ከማለት በፊት መሬቱን እዩ፣ ጉድጓድ ወይም ክዳኑ የተነሳ ማንሆል አይጠፋም።

ሲቀድሙትም ሙሉ ረድፍ ስጡት። ትልቅ መኪና በፍጥነት ሲያልፍ ነፋሱ ሞተሩን መጀመሪያ ይገፋዋል፣ ወዲያው ወደ ራሱ ይስበዋል።

5. በመኪናዎች መሃል መሹለክ

ይህ የክርክሩ ሁሉ ምንጭ ነው፣ ስለዚህ አቋሜን ልናገር። መኪናው ሁሉ ሲቆም ሞተረኛ ቀስ ብሎ ቢያልፍ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ከቆሙት መኪናዎች መካከል የምታልፍ ከሆነ ከሚሮጥ ሰው ፍጥነት አትብለጥ። መኪናዎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ደግሞ ረድፍህን ያዝና እንደ አንድ መኪና ሂድ። አንዱ ረድፍ ቆሞ ሌላው ሲንቀሳቀስ በመሃል አትግባ፤ ከቆመው ረድፍ የሰለቸው ሰው መሪውን የሚያዞረው ያን ጊዜ ነው።

ሾፌሮች፣ ቦታ እንዳያገኝ ብላችሁ መኪናችሁን አጥብባችሁ አትዝጉበት። የቀደማችሁ ሞተረኛ ወረፋችሁን አልወሰደም። መብራት ሲለቅ እሱ ሄዷል፣ እናንተም ያው ቦታችሁ ላይ ናችሁ። ሞተር ሲመጣ ካያችሁ የተቀመጣችሁበት ረድፍ ውስጥ ግማሽ ሜትር ጠጋ ማለት ይበቃል። ያለፈም እጁን አንስቶ ያመስግን።

ኤሌክትሪክ መኪናና ኤሌክትሪክ ሞተር እየበዛ ነው፤ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በየመንገዱ ይታያል። ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ሞተር ሲመጣ በጆሮ የለመደ ሾፌር፣ መኪና ሲነሳ በጆሮ የለመደ ሞተረኛ ሁለቱም ዓይናቸውን ማሠራት አለባቸው።

6. «እለፍ» የሚል እጅ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በደግነት የሚመጣ አደጋ ስለሆነ ማንም አይጠነቀቀውም።

መሃል አካፋይ በሌለው አንድ መንገድ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆሟል። እኔ በቀኝ ጠርዝ በሞተር እያለፍኩ ነው። ከፊቴ አንድ ትልቅ አይሱዙ አለ። ሾፌሩ ቀና ሰው ነው፤ ከተቃራኒው አቅጣጫ መጥታ ወደ ማደያ ለመታጠፍ የቆመች ቪትዝ አይቶ ከፊቱ ክፍተት ተወላትና በእጁ «እለፊ» አላት። እሷም አመስግና ገባች። አይሱዙው እሷን ከእኔ፣ እኔንም ከእሷ ጋርዶናል። ከአይሱዙው አፍንጫ ብቅ ስል የቪትዟ በር ፊቴ ነው። ፍሬን ያዝኩ፣ የፊት ጎማዬ በሯን ነክቶ ቆመ። እናቴ የምትሆን ሴት ናት። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ «ልጄ፣ እሱ እኮ ነው እለፊ ያለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም አላጠፋሁም መስሎኝ ነበር። አይሱዙውም በጎ ነው የሠራው።

ከዚያ የተማርኩትን በሦስት በኩል ልንገራችሁ።

የምታሳልፉት ሾፌሮች ከሆናችሁ፣ ቦታ ስጡ እንጂ በእጃችሁ «እለፍ» አትበሉ። እጃችሁ ዋስትና ይመስላል፣ እናንተ ደግሞ ስለ ቀኝ ጎናችሁ ዋስ መሆን አትችሉም። ከመቆማችሁ በፊት የቀኝ ስፖኪዮ እዩ፤ ሞተር እየመጣ ከሆነ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የሚሻገረውን «ቆይ» በሉት። እግረኛ ስታሳልፉም እንዲሁ ነው።

የተፈቀደላችሁ ከሆናችሁ አመስግኑና በጭራሽ በአንድ ትንፋሽ አትሻገሩ። የመኪናችሁን አፍንጫ በስንዝር በስንዝር አውጡ። ማየት እስክትችሉ ድረስ ፍሬኑን አትልቀቁ።

ሞተረኛ ከሆንክ፣ ረጅም መኪና ያለ ምክንያት ሲቆም ወይም ከፊቱ ክፍተት ሲተው ምክንያቱን አታየውም እንጂ ምክንያት አለው። ሰው ወይም መኪና እየተሻገረ ነው ብለህ ውሰድ፤ በእግር እርምጃ ፍጥነት ድረስ ወርደህ እለፍ።

7. ሚኒባስና «ወራጅ አለ»

የታክሲው በር በቀኝ ነው። ስለዚህ ሞተረኛ ታክሲን በቀኝ አትለፍ፣ ምንም ብትቸኩል። ታክሲ ከፍሬቻው በፊት ይናገራል፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ካለ ወይም በሩ ትንሽ ከተንሸራተተ፣ ውስጥ «ወራጅ አለ» ተብሏል ማለት ነው። ዳር ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ካየህም ያው ነው። የታክሲ ሾፌሮች፣ ወደ ቀኝ ከመያዛችሁ በፊት ረዳቱ ወደ ኋላ አይቶ «ግባ» ይበላችሁ። አንድ ዓይን ትርፍ ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።

8. በር

የቆመ መኪና በር ሲከፈት ለሞተረኛ ግድግዳ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ልጅ ከቆመ መኪና የኋላ ወንበር የግራውን በር ሲከፍት ገባሁበትና የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ፤ ሁለት ወር ሥራ ፈታሁ። ልጁ እየተንሰፈሰፈ ክሊኒክ ድረስ እጄን ደግፎ ነው የወሰደኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሾፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ በሩን በቀኝ እጁ ይክፈት። ራቅ ያለው እጅ ወደ በሩ ሲሄድ ትከሻና አንገት አብረው ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ መንገዱም ይታያል። በቀኝ የተቀመጠ ደግሞ በግራ እጁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትደርሱ ሞክሩትና ልጆቻችሁን አስተምሩ፤ ልጆች በሦስት ቀን ይለምዱታል። ተሳፋሪ የምታጓጉዙ «በቀኝ ይውረዱልኝ» በሉ። ሞተረኛ ከቆሙ መኪናዎች አንድ በር የሚያህል ራቅ ብለህ ሂድ።

9. ክረምት

የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከሐምሌው ዶፍ ይብሳሉ። በጋውን አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና ናፍጣ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ይሆናል። ማደያ መውጫና የአደባባይ መታጠፊያ ላይ ተጠንቀቅ። የዜብራ ቀለምና የማንሆል ብረትም ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ሞተሩ ቀጥ ይበል፣ ፍሬን አይያዝ።

ብዙ ሞተረኛ የፊት ፍሬን ይፈራል። የማቆሙ ኃይል ግን በብዛት ከፊት ነው። በደረቅ ቀን፣ ባዶ አስፋልት ላይ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ጀምረህ በሁለቱም ፍሬን ቀስ በቀስ እየጨመቅክ ማቆምን ተለማመድ። በድንገት አፍነህ አትያዘው።

ሾፌሮች፣ ውኃ ያቆረ ቦታ ስታልፉ ጎናችሁ ሞተር ካለ ዝግ በሉ። የምትረጩት ጭቃ የልጁን የሄልሜት መስታወት ይሸፍነዋል፣ ለጥቂት ሰከንድ ታውሮ ነው የሚነዳው። ማታ ደግሞ ረጅም መብራታችሁን ቀድማችሁ አውርዱ።

10. ሄልሜትና የተፈናጠጠ ሰው

ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን ክንድን ብቻ ነው የሚያድነው። ማሰሪያው አገጭ ሥር ይቆለፍ። የምታፈናጥጠውም ሰው ሄልሜት ይኑረው፣ ወገብህን ይያዝ፣ ስትታጠፍ አብሮህ ያጋድል። ምግብ ያዘዛችሁ ደንበኞችም እባካችሁ ልጁ መንገድ ላይ እያለ ደጋግማችሁ አትደውሉ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዓይኑ ከመንገዱ ይነሳል።

11. ሲጋጭ

ለጥቂት የተሳተ ግጭት ካለ አትከታተሉ። አጥፊው እጁን ያንሳ፣ ሌላው ይለፈው። መኪና ይዞ ሞተረኛን እያባረሩ ለማስፈራራት መጠጋት ጥፋቱ የማንም ቢሆን የሰው ነፍስ ላይ መጫወት ነው። ሞተረኛም ስፖኪዮ በእግር መትቶ መሄድ ነውር ነው፤ ለሚቀጥለው ሞተረኛ የተናደደ ሾፌር ትተህለት ትሄዳለህ።

ሰው ከወደቀ መጀመሪያ የሞተሩን ቁልፍ አጥፉ፣ ቤንዚን ሊፈስ ይችላል። መተንፈስ ካልከለከለው በቀር ሄልሜቱን አትጎትቱ። እንደ ልማዳችን ተረባርባችሁ ብድግ አድርጋችሁ መኪና ውስጥ አታስገቡት፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ያን ጊዜ ነው የሚብስበት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ ያናግረው። አንዱ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፣ ፖሊስ 991 ነው። መኪና ያለው አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ከወደቀው ሰው ኋላ ያቁም። አንድ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሮጦ፣ እጁን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘ የሚመጡትን ያስቁም።